ስድስት ባዶ ወንበሮች

ቹዪን የተኛች መስሏቸው ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የፎቁ መብራት ጠፍቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ የምሳ ሳጥኑን ጥሎ፣ እንደ ልማዱ ትንሽ ትራስ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ግንባሩን ደፍቶ ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ስልክ ማንሳት ነውር ነው፤ ጫማ እያንቋቁ መሄድም ነውር ነው፤ ትልቁ ኃላፊ እንኳ ሽንት ቤት የሚሄደው በእግሩ ጣት እየረገጠ ነው። ቹዪን ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ የቀትር እንቅልፍ ርቋታል። ጉንጯን ትራሷ ላይ አስደግፋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ መስኮቱን የሚደበድበውን የጥር ዝናብ ታዳምጣለች። ከፋይል ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ሲጀምሩ መጀመሪያ ጆሮ አልሰጠቻቸውም። አንደኛው አለቃዋ ፋንግ ነው፤ ሌላዋ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣችው ሊያንግ።

«ከአዲስ ዓመቱ በዓል በኋላ ከየክፍሉ ስድስት ስድስት ሰው ይቀነሳል» አለች ሊያንግ። «ካንተ ማን ማንን ልጻፍ?»

«እኔ ስድስት ባዶ ወንበር አለኝ እኮ። ከበዓሉ በፊት እሞላቸዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እነሱኑ ትጽፊያቸዋለሽ። የሙከራ ጊዜያቸውን ያልጨረሱ ናቸው፤ ካሳ አይጠይቁ፣ ክስ አያውቁ። እኔም ቀነሰ እባላለሁ፣ ከነባሮቹ አንድ ሰው አልነካም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲኦል የሚባል ነገር አትፈራም?»

«ለነባር ሠራተኞቼ፣ ለልጆቼ ብዬ ነው። አስራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ቢሮሽ ገብቶ ሲያለቅስ ከምታዪ አይሻልሽም?»

«አምስቱ ፈርመዋል። ስድስተኛውስ?»

«የቹዪን ወንድም ነዋ። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የካርድ ማንበቢያ የሚጠግነው። የሕክምና ወረቀቱን ዛሬ ያመጣል፣ ሰኞ ይጀምራል።»

ከዚያ በኋላ የተኛ ሰው እንዳይረብሹ፣ ሁለቱም በእግራቸው ጣት እየረገጡ ሄዱ። ቹዪን ራሷን ከትራሱ አላነሳችም። በጥቅምት ወር ፋንግ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ «ወንድምሽ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል አይደል? ለምን ወደኛ አይመጣም?» ብሎ ሲጠይቃት በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ነበር። ያን ቀን ማታ የአራት መቶ ሰማንያ የታይዋን ዶላር የአናናስ ኬክ ገዝታ፣ በማግሥቱ በሁለት እጇ ይዛ አቅርባለታለች። ፋንግ አንዱን ኬክ እዚያው ፊቷ ፈትቶ በልቷል። ወንድሟን በገዛ እጇ መርታ ያመጣችው እሷው ናት፤ ያውም መማለጃ ከፍላ።

መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ ጉንጩ ላይ የትራስ ጥልፍ ታትሞበት ተነሣና እንደገና ሥራ ሆነ። ቹዪን ፊት ለፊቷ የተዘረጋውን ሠንጠረዥ አየችው። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ የግራፊክስ ቺፕ መሥራት ነው፤ የእሷ ሥራ ደግሞ ቺፑ በየትኛው ገበያ ስም እንደሚሸጥ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ መያዝ። አስራ ስምንት ዓመት የያዘችው ሠንጠረዥ አምስት ቤቶች ነበሩት፤ ዳታ ማዕከል፣ ጨዋታ፣ የንድፍ ባለሙያዎች፣ መኪና፣ ከታች ደግሞ ማንም የማያነበው «ሌሎች»። ያላወቀ ሰው አምስት ዓይነት ዕቃ የሚሠራ ይመስለዋል። ከአንድ የሲሊከን ገበታ ተቆርጦ የወጣ ያው አንድ ቺፕ ነው። እንከን ያልተገኘበት ዳታ ማዕከል ይባልና የአንድ መኪና ዋጋ ይጠራበታል፤ አንድ ጥጉ የደከመው ጥጉ ተዘግቶ ለጨዋታ ወዳዶች በአርባ ሺህ ይሸጣል፤ ሌላው ቀስ ብሎ፣ ሳይግል እንዲሠራ ተደርጎ፣ መንገድ የሚያይ ዐይን ሆኖ መኪና ውስጥ ይገባል። ቺፑ የገባበትን ቤት አያውቅም። ዋጋውን፣ ማሸጊያውን፣ ማን እንደሚሸጠውና ማን እንደሚሸለምበት የሚወስነው ቤቱ ነው። ቹዪን ይህን ለእንግዳ ስታስረዳ ደስ ይላታል፤ ሰው ሁሉ «እንዴ!» ይላታል።

አዲሱ ሠንጠረዥ ግን ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ዳታ ማዕከል»፣ ሌላው «የቀረው ገበያ»። ጨዋታውም፣ ንድፉም፣ መኪናውም እዚያ በአንድ ጆንያ ታጭቀዋል፤ ለየብቻቸው ምን እንዳተረፉ ከእንግዲህ ማንም አያይም፤ ያላየውን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። የፋንግ ክፍል የመኪናው ነው። ሠንጠረዥ ላይ ቤቱን ያጣ ክፍል ሕንፃው ውስጥ ብዙ ወንበር እንደማይቆይለት ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። የሚገርመው፣ ይህን ሠንጠረዥ የሣለችው ራሷ ናት፤ ባለፈው ሳምንት። ለ«የቀረው ገበያ» ግራጫ ይሻል ወይስ ፈዛዛ ሰማያዊ እያለች ሁለት ቀን ስትጨነቅ ውስጡ ሰው እንዳለ አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰባትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ፋንግ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሲቀርቡት የሳሙና ሽታ ያለው፣ የሠራተኛውን ሁሉ የልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው መምሰል እንኳ አይችልበትም።

«ግራጫው ይሁን፣ ጥሩ ነው» አላት ሠንጠረዡን እያየ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካንቺ አይውጣ። ከበዓሉ በኋላ ቅነሳ አለ። መጀመሪያ ተጽፎ ከላይ የመጣው ስም ያንቺ ነበር።»

ቹዪን ከሠንጠረዡ ላይ እጇን አነሣች።

«ዕድሜ ምናምን አሉ። ሠንጠረዥ ማሽን ይሠራዋል አሉ። እኔ ግን አይሆንም አልኩ፤ የቹዪን እናት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ እሷን ካወጣችሁ እኔንም አውጡኝ አልኩ። ወንበሮቼን ከሞላሁ ስምሽ ይሰረዛል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን አልችልም። ለዚህ ነው እንግዲህ ወንድምሽ እንዳይቀርብን የምልሽ። ገባሽ አይደል?»

«ገባኝ፣ ዳይሬክተር። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ካፏ የወጣው ይኸው ነው። ምስጋናው ከብዙ ዓመት ልማድ ራሱን ችሎ የሚወጣ ነውና አሳቧን አልጠበቀም። ፋንግ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ፤ እሷም ግራጫውን ቀለም ይበልጥ ግራጫ አደረገችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ጁንሻን ደወለላት፤ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ውስጥ ደርሷል። ወርዳ ስታየው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ አዲሶቹም የተጠሩበትን የማታውን የመሥሪያ ቤት ግብዣ አስቦ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ በመስኮቱ በኩል ከፍ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ስለሆነ ሁለት ቡና ገዝቷል፤ በሻይ የተቀቀለ እንቁላልም በአስራ ሦስት አስራ ሦስት ዶላር። አጠገቡ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የታሸገ ነጭ ፖስታ አለ። ለጋራዡ የሚሰጠው መልቀቂያ ነው። የዓመቱ ጉርሻ ሊከፈል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሥራ የሚለቅ ሰው አብዷል ነው የሚባለው፤ ሚስቱም ይህንኑ ስትለው ከርማለች። ፋንግ ግን ሰኞ ካልጀመርክ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል ብሎታል።

«እትዬ፣ ምነው ፊትሽ? ያደረ የሩዝ ገንፎ መስለሻል» አላት እንቁላሉን እየላጠ። «እንቅልፍ የለሽም?»

«ዝናቡ ነው። ወረቀቱን ሰጠህ?»

«ሰጠሁ። ስኳር የለብህም፣ ጉበትህ ንጹሕ ነው፣ ሰባት ኪሎ ቀንስ ብለውኛል። ሰባቱን ኪሎ ለእናንተ መሥሪያ ቤት ላበረክት ነው መሰለኝ።» ብቻውን ሳቀ። «ስሚ፣ ልጄ ትናንት አባባ የምትገባበት ቤት ምንድን ነው የሚሠራው አለችኝ። ቺፕ አልኳት። ለጌም ነው ስትለኝ አይ፣ ለመኪና አልኳት። ታዲያ ጌሙስ የት ሄደ ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?»

ቹዪን የወረቀት መሐረብ ስባ፣ በእስክሪብቶ አምስት ሳጥን ሣለችለት። ያንኑ ቺፕ፣ ያንኑ ገበታ፣ አምስቱን ቤት ነገረችው። ሁለት ሳጥን ብቻ ልትሥልለት ይገባት ነበር፤ ሁለት ሳጥን ሥላ «የምትገባበት ቤት የለም፣ ወንድሜ» ልትለው። የሣለችው አምስት ነው።

«እኔ እዚህ ነኝ ማለት ነው» አለ ጁንሻን፣ ቅባት የነካ ጣቱን አራተኛው ሳጥን ላይ አድርጎ። «አስራ አራት ዓመት ሙሉ ትኬት አላነብ ያለ ማሽን ስደበድብ ኖሬ! ልጄ ስታድግ አባቴ የመኪና ዐይን ይሠራል ልትል ነው።»

«ጁንሻን።»

«ወዬ።»

«ጉርሻው እስኪገባልህ ብትቆይስ? ሁለት ሳምንት ነው።»

እንቁላሉን አስቀመጠ። ከእናታቸው የወረሰው ነገር ቢኖር ቀጥ አድርጎ ማየት ነው። ቹዪን ይህን እይታ ከልጅነቱ ጀምሮ አትችለውም፤ አሁንም ወደ መንገዱ ዞረች። በመንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ፣ አንገቱን ቀብሮ ይሮጣል።

«የሚያሰጋ ነገር አለ እንዴ?» አላት። «ካለ ንገሪኝ። ደብዳቤውን አሁኑኑ እዚሁ እቀደዋለሁ፤ ደስ ይላታል ሚስቴ። በሌላ በማንም አይደለም እኔ፣ ባንቺ ተማምኜ ነው የምገባው።»

ጥያቄው ይህን ያህል ቀላል ነበር። በአንዲት ቃል የሚመለስ ነው፤ ሁለተኛ ቃል እንኳ አይፈልግም። ቹዪን በዚያች ቅጽበት ያየችው ሳንቾንግ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ጠባብ ክፍል ነው፤ እናቷ የተኙበትን የሆስፒታል አልጋ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጣችውን አስታማሚ፣ በየወሩ ከባንክ ደብተሯ የሚወጣውን ሃያ ስድስት ሺህ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠንጠረዥ ከመሣል በቀር የምታውቀው የለም። እሱ አርባ ሦስት ነው፤ እጅ አለው፤ እጅ ያለው ሰው የትም አይወድቅም። እሱ ከተባረረ ሌላ ያገኛል፤ እሷ ከተባረረች ግን እናታቸውን ማን ይይዛል? ለእናታችን ብዬ ነው አለች በልቧ። ፋንግም ለልጆቼ ብዬ ነው ብሎ ነበር።

«የለም» አለችው። «ምን ሥጋት ይኖራል።»

«እንግዲያማ አታስፈራሪኝ!» ብሎ ቡናውን ጨለጠ። «በዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ የጋራዡ ኃላፊ ይወጣል፣ ልሩጥ። ማታ እንገናኝ። አጠገብሽ አስቀምጪኝ፣ ሰው አላውቅም።»

ፖስታውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወደ ባቡሩ ሲሮጥ ቹዪን የሣለችውን መሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ወደ ላይ ስትወጣ ገና መላ አለኝ ብላ አሰበች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሩቅ ነው። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ስልኳን አወጣች። «አትስጥ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ደብዳቤውን አትስጥ፣ ማታ እነግርሃለሁ» ብላ ጻፈች። ጣቷን ከመላኪያው በላይ አንጠልጥላ ቆየች፤ ከጎኗ ያለው ክፍል ውኃው ፈስሶ፣ ሰው ወጥቶ፣ ሌላ ሰው ገባ። አሁን ልልከው ነው ባለች ቅጽበት ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ነው። «ሰጠሁ! አለቃዬ አለቀሰ፣ ታምኚኛለሽ?» ይላል፤ ከሥሩም ድብ ሲጨፍር የሚያሳይ ሥዕል። ገና ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰውነቷ በሙሉ ሸክም እንደወረደለት ቀለል አለው። ያ ቅለት ራሷን እንድትጠላ አደረጋት፤ ጽሑፉን ግን ፊደል በፊደል አጠፋችው።

የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ የተዘጋጀው በወንዙ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹን በየክፍሉ የደለደለችውም ቹዪን ናት፤ ሠንጠረዥ ነውና ማን ሊሠራው ነው ተብሎ። መድረኩ ሥር ያሉት የዳታ ማዕከሉ ናቸው፤ ከእነሱ ኋላ ጨዋታው፤ ከዚያ ንድፉ፤ የመኪናው ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ከማእድ ቤቱ በር አጠገብ፣ አስተናጋጅ በወጣ በገባ ቁጥር ብርድና የዓሣ ሽታ የሚመታው ቦታ። ዋናው ሥራ አስፈጻሚ የጠንቋይ ባርኔጣ አድርጎ መድረክ ላይ ዘፈነ። የዳታ ማዕከሉ ጠረጴዛዎች ጮኹለት። ዕጣ ወጣ፤ ቴሌቪዥን፣ መጥረጊያ ሮቦት፣ የጃፓን ቲኬት፤ ለማእድ ቤቱ በር የደረሰው አንድ የሩዝ ማብሰያ ነው።

ፋንግ አዲሶቹን ስድስቱን ከነባሮቹ ጋር ቀላቅሎ አስቀምጧቸዋል። ቹዪን ፊታቸውን ላለማየት ሳህኗን ታያለች። ቢሆንም አንዷ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ቤቷን ነቅላ ከደቡቡ ከተማ ከካውሹንግ እንደመጣች፣ ልጇንም ከትምህርት ቤት እንዳዛወረች ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማቻት። ጁንሻን ከቹዪን ማዶ ነው፤ አጠገቧ ቦታ አልነበረም፤ አስቀድማ በነባሮች መካከል የተቀመጠችው እሷው ናት። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ከሁሉም ጋር ተላምዷል። የጋራዡን አለቃ ለቅሶ በድምፁ እየመሰለ ሲያስቃቸው፣ ፋንግ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሰባተኛው ምግብ ዶሮ ነበር። እንደዛሬው ሳይሆን፣ በድሮው ጊዜ አሠሪ በዓመቱ መዝጊያ ማዕድ ላይ የዶሮዋን ራስ ወደ አንዱ ሠራተኛ አዙሮ ያስቀምጥ ነበር፤ ራሷ የዞረችበት ሰው አንድ ቃል ሳይነገረው በልቶ፣ አመስግኖ፣ በማግሥቱ ጓዙን ይሸክማል። ስለዚህ ዛሬ ሆቴሎች ሁሉ በዚህ ወር ዶሮን ያለ ራስ ነው የሚያቀርቡት። የዚያን ቀን ማን እንደረሳው አይታወቅም፤ አስተናጋጇ ትልቁን ሳህን በጠረጴዛው መሐል በሚሽከረከረው መስተዋት ላይ ስታስቀምጠው ቢጫዋ ዶሮ ራሷን ቀና አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ መንቁሯን ወደ ቹዪን ቀስራ ነበር።

በመድረኩ በኩል ሙዚቃው ይጮሃል፤ እዚህ ግን አስራ አንድ ዓመት፣ አስራ አምስት ዓመት፣ አስራ ስምንት ዓመት የሠሩ ሰዎች የያዙትን የመመገቢያ እንጨት ይዘው ቀሩ። ቀጭኗ ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፋንግ ፊቱ ቀላ።

«ማእድ ቤቱ ነው ባካችሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ በዚህ ዘመን? ውሰጂልን፣ አስቆርጠሽ መልሺው...»

«ኧረ ተዉት» አለ ጁንሻን ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «እትዬ ደነገጠች እኮ። እዩዋት፣ ነጭ ሆነች።» እጁን ዘርግቶ የመስተዋቱን ጠርዝ ያዘና ቀስ ብሎ አዞረው። ዶሮዋ በቀጭኗ ሴት ፊት አለፈች፣ በፋንግ ፊት አለፈች፣ ዞራ ዞራ ራሷን ወደ እሱ ሰጥታ ቆመች። «በቃ፣ እኔን ትይ። እኔ ሰኞ የምጀምር ሰው ነኝ፤ እኔን ማን ያባርረኛል?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። ነባሮቹ ሁሉ፣ አዲሶቹም፣ ቀጭኗም ሴት ሳቁ። ፋንግ ብርጭቆውን አንሥቶ «እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ሴት የታደለች ናት!» አለና ለጁንሻን ጠጣለት። ቹዪን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ፋንግ በብርጭቆው ላይ አሻግሮ አያት፤ ዐይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ልመና ነው ያለው። ጁንሻን ከዶሮዋ የተሻለውን፣ የጭኗን ሥጋ ለይቶ፣ ክንዱን በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ እሷ ሳህን ላይ አኖረላት፤ ልጅ ሆነው እሷ ታደርግለት እንደነበረው።

«ብዪ እንጂ» አላት። «በኔ ሞት፣ ከስተሻል።»

እንጨቷን አነሣችና በላች። ሲጨምርላትም አልከለከለችውም።